እርማት፦ ብራያን ኮዲ አምስት ተከታታይ ዋንጫ አላነሳም

«ብራያን ኮዲ ኪልኬኒን ይዞ የመላው አየርላንድን የኸርሊንግ ዋንጫ አምስት ጊዜ በተከታታይ በላ» የተባለው ልክ አይደለም። ኸርሊንግ በዱላና በትንሽ ኳስ የሚጫወቱት የአየርላንድ ስፖርት ነው፤ ኮዲ የኪልኬኒ አውራጃ ቡድን አሰልጣኝ ነበር፣ ቲፐራሪና ሊምሪክም የአውራጃ ቡድኖች ናቸው። ተከታታዮቹ አራት ናቸው፤ ከ2006 እስከ 2009 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። አምስተኛውን በ2010 ፍጻሜ ቲፐራሪ 4-17 ለ 1-18 አሸንፎ ነጠቃቸው፤ የቲፐራሪው ተጫዋች ላር ኮርቤት ብቻውን ሦስት ጎል አግብቷል።

ብዙ ሰው የሚደናገረው ውጤቱን ሲያነብ ነው። ከሰረዙ በፊት ያለው ቁጥር ከጎሉ አግዳሚ በታች መረብ ውስጥ የገባ ጎል ነው፤ እያንዳንዱ 3 ነጥብ አለው። ከሰረዙ በኋላ ያለው ከአግዳሚው በላይ፣ ወደ ላይ በሚረዝሙት ቋሚዎች መካከል ያለፈ ኳስ ሲሆን 1 ነጥብ ነው። እናም የ2010ሩ ውጤት 29 ለ 21 ነው። ጎል ብቻ ከቆጠራችሁ አሸናፊውን ትስታላችሁ፦ በ2022 ፍጻሜ ኪልኬኒ 2-26፣ ሊምሪክ 1-31 አስቆጠሩ። በጎል የሚበልጠው ኪልኬኒ በድምር 34 ለ 32 ተሸነፈ። ኮዲም ከዚያ ጨዋታ በኋላ ለቀቀ።

«በትልቅ ደመወዝ የተቀጠረ አሰልጣኝ» መባሉም አያስኬድም። ኸርሊንግ አማተር ስፖርት ነው፤ ኮዲ መተዳደሪያው መምህርነት ነበር፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርም ሆኗል። በተጫዋችነቱ ጠንካራ ተከላካይ ነበር፤ በ1982 ኪልኬኒ ዋንጫውን ሲያነሳ አምበሉ እሱ ነው። በአሰልጣኝነት ትክክለኛው ቁጥር ይኸው፦ በ24 የውድድር ዘመን 11 ዋንጫ። ይህን የሚያህል ታሪክ ጭማሪ አያስፈልገውም።