አክስቴን ህፃን አደረጓት

ዛሬ ካልተናገርኩ ሆዴ ይፈነዳል።

አክስቴ 60 አልፏታል። ዘመድ ሰርግ ላይ አምባሰል የምታወርደው እሷ ናት። ድምጿ ወፈር፣ ሻከር ያለ ነው። ማስታወሻ ይሁነን ብዬ ደሴ ውስጥ አንድ ስቱዲዮ ወሰድኳት። ነጠላዋን አጣፍታ ማይኩ ፊት ቆመች፣ በአንድ ቅጂ ጨረሰች። የስቱዲዮው ልጅ ማዳመጫውን አውልቆ «አብሽር፣ ዘነፍ ያለውን በአውቶቲዩን እናቃናዋለን» አለኝ፤ ድምፅን ወደ ኖታው ጎትቶ የሚያርመውን ሶፍትዌር ማለቱ ነው።

የቱ ነው የዘነፈው?

በሳምንቱ በቴሌግራም ላከልኝ። ቡና እየተጠጣ ከፈትነው። አክስቴ ስኒዋን ይዛ አዳመጠችና «ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» አለች። ወላሂ አልቀለድኩም።

ለካ ለቢቱ እንዲመቸው ብሎ 4 ሰሚቶን (በኖታዎች መካከል ያለችው ትንሿ እርከን) ሽቅብ ገፍቷታል፣ መነሻ ኖታዋን ወደ ሲ (C)። 12 ሰሚቶን ከፍ ካልክ ፍሪኩዌንሲው እጥፍ ይሆናል፤ 4 ቀላል ነገር አይደለም። ፎርማንት የሚባል አለ፤ የአፍና የጉሮሮ ቅርፅ ለድምፅ የሚሰጠው ቀለም። እሱ ባለበት እንዲቆይ የሚያደርግ ቁልፍ አለ። አልነካውም። ድምጿ ሲቀጥን ጉሮሮዋም አብሮ አነሰ።

ይህን ልለፈው። ስኬሉን፣ ማለትም መሣሪያው የሚቀበላቸውን ኖታዎች፣ ሲ ሜጀር ላይ ማሰሩን ግን እንዴት ልለፈው? አምባሰል ከሲ ሲነሳ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው። ሲ ሜጀር ውስጥ ዲ ፍላትም ኤ ፍላትም የሉም። መሣሪያው ደግሞ የማያውቀውን ኖታ ወደ ጎረቤቱ ይጎትታል። ያቺ አንጀት የምትበላዋ ቦታ ድራሿ ጠፋ። ባቲና አምባሰል የአገርም የቅኝትም ስም በሆኑበት በወሎ! መሣሪያው ድምፁን ወደ ኖታው የሚጎትትበትን ፍጥነትም ዜሮ፣ ማለትም ወዲያው፣ አድርጎታል፤ ድምጿን ስታርገበግበው እንደ ደረጃ ቋ ቋ ይላል።

አውቶቲዩንን በ1997 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሰው ከዚያ በፊት ለነዳጅ ፍለጋ የከርሰ ምድር ሞገድ ሲያጠና የኖረ ነው። እሱ ስለ አምባሰል ባያውቅ አልፈርድበትም። ደግሞም ስኬሉን መቀየሪያ፣ ፍጥነቱን ማብረጃ ሠርቶለታል። የኛው ልጅ ምን ነካው?

ደውዬ «ጥሬውን ላክልኝ» አልኩት።

«እሱኑ ላይ ነው እኮ ሴቭ ያደረግኩት።»

አክስቴን ድጋሚ እንቅዳ ብዬ ለመንኳት። «እኔ አንዴ ዘፍኛለሁ፤ ያቺኑ ልጅ ጥሯት» አለችኝ።