ለትራፊክ የተገዛች ወረቀት

የደሴና የኮምቦልቻ ባለመኪናዎች፣ ባለባጃጆች፣ እናንተም ጋቢ ደርባችሁ አደጋ ወዳለበት ቀድማችሁ የምትደርሱ ሽማግሌዎች፣ ዛሬ ስለ መኪና መድን፣ ስለ ኢንሹራንስ፣ ልቆጣችሁ ነው። እኔንም አይምረኝም፤ ከምነግራችሁ ነገር ውስጥ እጄ አለበት።

ነገሩ የሆነው ሸዋ በር አካባቢ ነው። አንዲት ጎመን ሻጭ መንገድ ስታቋርጥ ባጃጅ ገጫት። ጎመኑ አስፋልቱ ላይ ተበትኗል፣ እሷ እግሯን ይዛ ተቀምጣለች፣ ሹፌሩ ገና ጢም ያላወጣ ልጅ ነው። ትራፊክ ፖሊስ ሳይጠራ ሽማግሌ ተሰበሰበ። ከሦስቱ አንዱ እኔ ነበርኩ። «ቀደር ነው፣ ልጁ ድሃ ነው፣ ታስሮ ለማን ይጠቅማል» አልን። በ12 ሺህ ብር አስማማን። የደብተር ቅጠል ገንጥለን «ከእንግዲህ ምንም ዓይነት ጥያቄ አላነሳም» ብለን ጻፍን፤ መፈረም ስለማትችል አውራ ጣቷን በእስክሪብቶ ቀለም ቀብተን አስነካናት። «አብሽሪ፣ ይሻልሻል» አልናት። ዱዓ ተደረገ። ባጃጁ መስታወት ላይ የሦስተኛ ወገን መድን፣ ማለትም መኪናው ለሚጎዳው ሰው የሚከፍል ኢንሹራንስ፣ ተለጣፊ አለ፤ ቀና ብሎ ያየው ሰው ግን አልነበረም።

እስቲ ንገሩኝ፣ ያቺ ተለጣፊ ለምን የተለጠፈች ይመስላችኋል? ስትጠየቁ የምትመልሱትን አውቃለሁ፤ «ትራፊክ እንዳይቀጣኝ»፣ «ቦሎ ልወስድ ስል አምጣ ስላሉኝ»። ልጁ አረቦኑን፣ የመድኑን ክፍያ፣ ከፍሎ ሳለ 12 ሺህ ብር ደግሞ ከኪሱ፣ ያውም ተበድሮ ከፈለ። አንድን ዕዳ ሁለት ጊዜ የሚከፍል ሰው ሌላ ቦታ ብናይ እንስቅበት ነበር።

በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ሦስተኛ ወገን የሌለው መኪና መንገድ እንዳይወጣ የከለከለው ለትራፊኩ ብሎ አይደለም፣ ለጎመን ሻጯ ነው። አዋጁ ሲወጣ መድኑ ለሞትም ለአካል ጉዳትም የሚከፍለው ጣሪያ 40 ሺህ ብር ነበር፣ ለንብረት 100 ሺህ፣ ለድንገተኛ ሕክምና 2 ሺህ። «ይህቺ ምን ታደርጋለች?» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ ትንሽ ነው። እኛ ግን ያስማማናት በ12 ሺህ ነው፣ ያውም ራጅ እንኳ ሳትነሳ።

ገጭቶ ያመለጠም አለ። ሌሊት ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ሰው ተመቶ ይገኛል፣ መኪናው የለም፣ ታርጋ ያየ የለም። ቤተሰቡ «ማንን እንክሰስ?» ብሎ ቀብሮ ይመለሳል። ለዚህም አዋጁ የመድን ፈንድ የሚባል አቋቁሟል፤ የገጨው ካልታወቀ ወይም መድን ከሌለው ለሞትና ለአካል ጉዳት ካሳ የሚከፍለው እሱ ነው። ገንዘቡም ከሰማይ አልወረደም፣ እናንተ ከምትከፍሉት አረቦን እየተቀነሰ የሚጠራቀም ነው። ይህን ቀብር ላይ የሚናገር ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

አሁን ወደ ባለሀብቶቹ ልዙር፤ እናንተ ላይ ቁጣዬ ይብሳል። ጣሪያው የመድን ድርጅቱ ጣሪያ ነው፣ የእናንተ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 ባለመኪናው ራሱ ባያጠፋም፣ መሪውን ባይዝም፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። «ሹፌሩ ነው የገጨው» አያስጥልም። ፍርድ ቤት 600 ሺህ ብር ፈርዶ መድኑ እስከ ጣሪያው ከከፈለ፣ የቀረውን የምትከፍሉት ከቤታችሁና ከሱቃችሁ ነው። መኪና በውክልና ሸጣችሁ ሊብሬው ላይ ስማችሁን ትታችሁ የተኛችሁም፣ እስቲ ዛሬ ማታ ሳትተኙ አስቡት።

ለራሴም መኪና የሚከፍል ሙሉ ኢንሹራንስ ገብቻለሁ ብሎ ደረቱን የሚነፋም አለ። ስንት ብለህ አስገመትካት? አረቦኑ እንዲቀንስልህ 3 ሚሊዮን የምታወጣውን መኪና 1 ሚሊዮን ተኩል ብለህ አስመዝግበሃል። ኮምቦልቻ ስትወርድ ፍሬን እምቢ ብሎህ የ400 ሺህ ብር ጉዳት ቢደርስ የሚሰጥህ 200 ሺህ ነው፤ ግማሹን ዋጋ ስላስመዘገብክ ግማሹን ጉዳት አንተ ትሸከማለህ። ከዚያም ላይ በውሉ ያለው የራስህ ድርሻ ይቀነሳል። ያኔ «ኢንሹራንስ ሌባ ነው» ብለህ ፒያሳ ትጮሃለህ። አንዳንዴ አንጀት የሚያሳርሩ መሆናቸውን አልክድም፤ እዚህ ላይ ግን ስሌቱን የጻፍከው አንተ ነህ።

የሚገርመኝ እኛ ወሎዬዎች መድን ምን እንደሆነ የምናውቅ ሰዎች መሆናችን ነው። ሌላው አገር እድር የሚለው ቅሬ አለን። ወር ሲገባ የቅሬውን ገንዘብ የሚያስቀር ማን አለ? ድንኳኑና ድስቱ ለማን እንደሚወጣ ሳናውቅ እንከፍላለን፤ ሰው ሲሞት ደግሞ መጀመሪያ የሚነገረው ለቅሬው ዳኛ ነው። መኪና ሲገጭ ግን አረቦን የከፈልንበትን ድርጅት እንደ ባዳ እንደብቀዋለን።

ሽምግልናን አልጠላም። ደም ያደርቃል፣ ጎረቤት ከጎረቤት እንዳይቆራረጥ ያደርጋል፣ ልጁንና የተጎጂዋን ቤተሰብ አስታርቁ። ነገር ግን ሰው ሲጎዳ መጀመሪያ ሆስፒታል፣ ቀጥሎ ትራፊክ ፖሊስ፤ ፕላኑ፣ የአደጋው ቦታ ንድፍ፣ ይነሳ፣ መኪናዎቹ ከቦታቸው ሳይነቃነቁ። ያለ ፕላን ሁለት መኪና ተጋጭቶ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ካልተረጋገጠ ሕጉ እኩል አጥፍተዋል ብሎ ጉዳቱን ለሁለት ያካፍላል፤ ያላጠፋውም ግማሽ ይከፍላል። ለመድን ድርጅቱም በዚያው ሰሞን በጽሑፍ አሳውቁ፣ ገልብጣችሁም አስቀሩ። ሳታማክሩት «እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ይህን ያህል እከፍላለሁ» ብላችሁ አትፈርሙ፤ ውላችሁ ይህንን እንደሚከለክል ጀርባውን ገልብጣችሁ አንብቡ። ሐኪም ጉዳቱ የት እንደሚደርስ ሳይናገርም የማንንም አውራ ጣት ቀለም አትቀቡ።

ጎመን ሻጯ በቀደም ቤቴ መጣች። በዱላ ነው የምትሄደው። ራጁን በጥቁር ፌስታል ይዛለች፤ አጥንቱ ተጣሞ ገጥሟል፣ እንደገና ይሰበር ብለዋታል። «ጋሼ፣ ያ ባጃጅ ኢንሹራንስ ነበረው ይላሉ፣ እውነት ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለካሳ ክስ በመደበኛው የሚሰጠው ሁለት ዓመት ነው። ቆጠርኩ፤ ከዚያች ቀን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል። ቡና ይፈላልሽ ብላት እምቢ ብላ፣ ራጁን ወደ ፌስታሉ መልሳ ወጣች።