ማስተካከያ፦ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጃማይካ ስለተደረገላቸው አቀባበል

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን እንደ አምላክ የሚያየው የራስተፈሪያን እምነት የተወለደው ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ጃማይካ በገቡ ጊዜ እንደሆነ ተደርጎ የተሰራጨው መረጃ ስሕተት ነው። እምነቱ የተጀመረው ንጉሠ ነገሥቱ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ከጫኑ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሲሆን፣ ከቀደምት ሰባኪዎቹ አንዱ የሆኑት ሊዮናርድ ሃውል ስለ ንጉሠ ነገሥቱ በመስበካቸው በቅኝ ገዢው መንግሥት ታስረዋል። ይህን የመከራ ዘመን ዘሎ ሁሉን ነገር ለአንድ ጉብኝት መስጠት እነዚያን ምእመናን መበደል ነው።

ጉብኝቱ ያሳየው ለንጉሠ ነገሥቱ የነበረው ፍቅር ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ነው። ኪንግስተን ላይ አውሮፕላኑ እንዳረፈ ሕዝቡ ጥበቃውን ጥሶ ስለከበበው፣ ንጉሠ ነገሥቱ የወረዱት የራስተፈሪያን መሪ ሞርቲመር ፕላኖ ደረጃውን ወጥተው ሕዝቡ መንገድ እንዲለቅ ከጠየቁ በኋላ ነበር። መንግሥት ያሰናዳው የአቀባበል ሥነ ሥርዓትም እንደታቀደው ሊከናወን አልቻለም።