በሶፋ ላይ የሚጋልበው ንጉሥ

ሳሎን ውስጥ ጦርነት መስቀል ፋሽን ሆኗል። ከታች ሶፋ፣ ከሶፋው በላይ በኋላ እግሮቹ የቆመ ፈረስ፣ ፈረሱ ላይ ንጉሥ። ንጉሡ ሰይፍ መዟል፣ ወይም ጣቱን ወደ ተራራ ቀስሯል። የቤቱ አባወራ ከሥሩ በካልሲ ተጋድሞ ሪሞት ይፈልጋል።

በሥዕሉ ጠብ የለኝም። የሚያስቀኝ አመራረጡ ነው። ማን ከማን ጋር ተዋጋ፣ ስንት ሰው አለቀ ብሎ የሚጠይቅ ገዢ የለም። ጥያቄው "ቀዩ ካባ ከመጋረጃው ጋር ይሄዳል ወይ?" ነው።

ለነገሩ ሠዓሊዎቹም ይህንን ጠባያችንን አስቀድመው ያወቁ ይመስላሉ። ቲሲያኖ እ.ኤ.አ. በ1548 የሣለውን የቅድስት ሮማ ንጉሠ ነገሥት ቻርልስ አምስተኛን ተመልከቱ። ሰውዬው ጀርመን ውስጥ ሙልበርግ ላይ ድል ያደረገው ሥዕሉ ከመሣሉ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው፤ ሪህም ያሠቃየው ነበር። ሥዕሉ ላይ ግን በእጁ ጦር ጨብጦ ቀጥ ብሎ ብቻውን ይጋልባል። ጠላት የለም፣ ሬሳ የለም፣ የሚያመው እግርም የለም። ለሳሎን የተመቸ ጦርነት ማለት ይህ ነው።

የግድግዳው ሁሉ አለቃ ግን ናፖሊዮን ነው። ሠዓሊው ዣክ ሉዊ ዳቪድ "ናፖሊዮን የአልፕስን ተራራ ሲያቋርጥ" እያለ እ.ኤ.አ. ከ1801 እስከ 1805 አምስት ጊዜ ሣለው። ነጭ ወይም ቡናማ ፈረስ፣ የሚውለበለብ ካባ፣ የተቀሰረ ጣት። እውነቱን ካወራን ግንቦት 1800 ላይ ሰውዬው ተራራውን የወጣው በበቅሎ ነው። መንገድ መሪ ነበረው፤ ጦሩም ቀድሞት ሄዶ ነበር። በቅሎን "አባትሽ ማነው?" ቢሏት "ፈረስ አጎቴ ነው" አለች ይባላል። ዳቪድ ደግሞ ክርክሩን አሳጠረው፤ አጎትየውን ራሱን አምጥቶ አቆመው።

በዚያ ላይ ናፖሊዮን ለመሣል ቁጭ አልልም አለ። መልክ መምሰል ምን ያደርጋል ነው ነገሩ። ዳቪድ ምን ያድርግ? የገዛ ልጁን መሰላል ላይ አውጥቶ አስቀመጠው። እንግዲህ "ጀግና ማለት ይህ ነው!" እያልን የምናደንቀው ቁመና መሰላል ላይ የተቀመጠ የሠዓሊ ልጅ ነው።

አንድ ወዳጄ ይህንኑ ሥዕል አምስት ቦታ በተቆረጠ ሸራ አሳትሞ ሰቅሏል። የፈረሱ ጭንቅላት አንዱ ላይ፣ ጭራው ሌላው ላይ። በሁለቱ ሸራ መካከል ባለው ክፍተት የንጉሡ ግማሽ አፍንጫ ጠፍቷል። ይባስ ብሎ ፈረሱ ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ እንዲያዞር ተብሎ ሥዕሉ ግራና ቀኙ ተገልብጦ ታትሟል። ናፖሊዮን ግራኝ ሆኖ ቀረ። ከታች ድንጋዩ ላይ የተቀረጹት የራሱ የቦናፓርትና ከእሱ በፊት አልፕስን ያቋረጠው የጥንቱ የጦር መሪ የሐኒባል ስሞችም በመስታወት ካልሆነ አይነበቡም። እንግዳ ሁሉ ግን "ዋው፣ ግርማ ሞገሱ!" ብሎ ቡናውን ይጠጣል።

ሥዕሉ ላይ ሌሎች ሰዎችም አሉ። ከፈረሱ ሆድ በታች ስታዩ፣ ጣት የማያካክሉ ወታደሮች ሽቅብ መድፍ ይጎትታሉ። ይህን ሥዕል ገዝቶ "እነዚህ እኔ ነኝ" ያለ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። የቤት ኪራይ የከበደው፣ አለቃው የጮኸበት፣ ሁሉም ፈረሱ ላይ ነው።

አሁን ደግሞ አዲስ ነገር መጥቷል። ፎቶህን ትልካለህ፤ የንጉሡ አንገት ላይ ያንተን ጭንቅላት ተክለው ያትሙልሃል። መነጽር ያደረገ፣ ፓስፖርት ፎቶ ላይ የደነገጠ ፊት፣ ከሥሩ የወርቅ ጥልፍ ያለው የጄኔራል ልብስ። ብዙዎች ይስቁበታል፤ እኔ ግን አልፈርድባቸውም። ናፖሊዮንም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ስሙ የራሱ፣ ቁመናው የሰው።

በቅሎዋንም የሣላት አለ። ፖል ደላሮሽ ከ50 ዓመት ገደማ በኋላ ናፖሊዮንን እጁን ካፖርቱ ውስጥ ከቶ፣ ብርድ አኮራምቶት፣ በቅሎ ላይ ሣለው። መንገድ መሪው ከፊት ሆኖ ይጎትታታል። ይህን ከሶፋው በላይ የሰቀለ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ወዳጄ ያንን የተቆራረጠውን አውርዶ የራሱ ፊት ያለበትን ሊያዝ ሲነሳ ባለቤቱን አማከራት። ባለ ፈረሱንም ባለ በቅሎውንም ሥዕል ስልኩ ላይ አሳያት። ረጅም ጊዜ አየቻቸው።

"ባለ በቅሎውን እዘዝ" አለችው። "የሚጎትተው ሰውዬ ላይ የእኔን ፊት አድርግበት።"