ካርቶኑ ይመስገን

ሞተር ዘይት ማንጠባጠብ ሲጀምር አዋቂ ነን የሚሉ ሰዎች «ምንጩን ፈልጉ» እያሉ ሰላም ይነሱናል። እኛ ግን መፍቻ የማይጠይቅ፣ ልብስ የማያቆሽሽ፣ አንድ ብሎን እንኳ ሳይፈታ ሥራውን የሚጨርስ መድኃኒት ካገኘን ቆይቷል፤ እርሱም ካርቶን ነው። አንድ ደህና ካርቶን በቁመቱ ቀዶ ከሞተሩ ሥር ማንጠፍ፣ ከዚያም እጅን ታጥቦ ቤት መግባት፣ የቤት ውስጥ ጥገና የደረሰበትን ከፍታ የሚያሳይ ተግባር ነው። ወለሉ ንጹሕ ሆኗል፤ ወለሉ ንጹሕ ከሆነ ሞተሩ ምን ጎደለው?

የካርቶን ሥርዓት ከሁሉ በላይ የሚደነቀው ባለመኪናውን ታዛቢ በማድረጉ ነው። በየማለዳው መኪናውን ወደ ኋላ አውጥቶ፣ እጁን ወገቡ ላይ ጭኖ፣ ሌሊት የወረደውን ቁልቁል ይመለከታል። ትናንት የአዝራር ያህል የነበረው ነጥብ ዛሬ የብርጭቆ አፍ አክሏል። «ያው ነው፤ አልባሰበትም» ይላል። ካርቶኑ ቢጠይቁት ብዙ ይናገር ነበር፤ ቡናማው ወይም ጥቁሩ ጠብታ የሞተር ዘይት መሆኑን፣ ቀላ ያለው ብዙ ጊዜ ከአውቶማቲክ ካምቢዮ ወይም ከመሪ እንደሚመጣ፣ አረንጓዴው ወይም ሮዝማው የራዲያተር ፈሳሽ ሊሆን እንደሚችል፣ ጥርት ያለው ደግሞ ከአየር ማቀዝቀዣው የወረደ ውኃ መሆኑን። ነገር ግን ካርቶን የተነጠፈው እንዲሸፍን እንጂ እንዲመሰክር አይደለም።

ከካርቶን ቀጥሎ ምስጋና የሚገባው «ጨምርበት» የተባለው ትምህርት ነው። በብዙ መኪኖች በዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ባለው የታችኛውና የላይኛው ምልክት መካከል ያለው ልዩነት 1 ሊትር ገደማ ስለሆነ፣ የዚህ ትምህርት ተከታይ 1 ሊትር ዘይት ከኋላ ሳይጭን ከቤቱ አይወጣም። ዘንጉን አውጥቶ ማየት ግን የተጠራጣሪ ሰው ሥራ ነውና በግምት ይሞላል፤ ሲያንስ ብረት ከብረት ይፋተጋል፣ ሲበዛ ኮሎ የሚባለው ከሥር የሚሽከረከረው የሞተር ዘንግ እየመታ አረፋ ያደርገዋል፣ እርሱ ግን በሁለቱ መካከል በእምነት ይኖራል። «አሮጌው በሥር እየወጣ አዲሱ በላይ እየገባ ስለሆነ ዘይት መቀየር አያስፈልገኝም» ብሎ በትዕግሥት ያስረዳኝ ወዳጅ አለኝ። ፊልትሮው፣ ማለትም የዘይት ማጣሪያው፣ መኪናውን ከገዛበት ቀን ጀምሮ ያው ነው፤ ቤቱን የሚለቀው ዘይቱ ብቻ ነው፣ ዝቃጩ እንደ ነባር ተከራይ ንቅንቅ አላለም። ቀይዋ የዘይት መብራት ስትበራም አይደነግጥም። መብራቷ የምትናገረው ስለ መጠን ሳይሆን ስለ ግፊት መሆኑን፣ ስትበራም ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት እንደሚገባ መመሪያው ቢጽፍም፣ እርሱ «ነዳጅ ስትሰጠው ትጠፋለች» የሚል የዳበረ ልምድ አለው።

ምንጩን ለመፈለግ የሚነሡ ጥቂት ደፋሮችም አሉን፤ ከችሎታቸው ይልቅ ፍርዳቸው ፈጣን ነው። ከመኪናው ሥር ይገባሉ (በክሪክ ብቻ ከተደገፈ መኪና ሥር ደረትን አስገብቶ መተኛት ከክሪኩ ጋር ልዩ ቃል ኪዳን ላላቸው ብቻ የሚፈቀድ ነው)፤ ኮፓ የሚባለው የዘይት ቋት መርጠቡን ያያሉ፤ ኮፓው ላይ ይፈርዳሉ። ዘይት ግን ቁልቁል ይወርዳል፤ መኪናው ሲሄድም ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ስለዚህ ቴስታታ ከሚባለው የሞተሩ የላይኛው ክፍል ክዳን ያመለጠው በሞተሩ ጎን ተንሸራቶ ከኮፓው ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይገኛል። መካኒኮች ይህን ስለሚያውቁ ሞተሩን አጥበውና አድርቀው፣ ሩብ ሰዓት ያህል አሠርተው፣ ባትሪ እያበሩ ከሁሉ ከፍ ብሎና ወደ ፊት ቀርቦ የረጠበውን ቦታ ይፈልጋሉ። እኛ ግን ከታች የተገኘ ሁሉ ጥፋተኛ ነው በሚለው የቆየ ፍርድ ጸንተናል፤ ከሞተር ውጭም በብዙ ቦታ ሲሠራበት አይተናልና።

አሁን ወደ ሲሊኮን ጌቶች እንምጣ፤ ሊወደሱ የሚገባቸው በእርግጥ እነርሱ ናቸው። የቴስታታ ክዳን ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በመጋጠሚያው መካከል ገብቶ ዘይት የሚያግደው ማሸጊያ፣ ሲደርቅ ሥራው የታወቀ ነው፤ ክዳኑን ፈትቶ ማንሣት፣ አሮጌውን ጓርኒሲዮን ከነቅሪቱ ማውጣት፣ የሚጋጠሙትን ሁለት ፊቶች ዘይት እስከማይቀርባቸው ማጽዳት፣ አዲሱን ማስቀመጥ፣ ሲሊኮንን አምራቹ ባዘዘባቸው ማዕዘኖች ብቻ ጠብ ማድረግ፣ ብሎኖቹንም ከመካከል ወደ ዳር በየተራ ማጥበቅ። የሲሊኮን ጌታ ይህን ሁሉ አይንቅም፤ ብቻ እርሱን አይመለከተውም። የቱቦውን አፍ በጥርሱ ቆርጦ፣ ክዳኑን ሳይነካ፣ ዘይት በሚያለቅሰው መጋጠሚያ ዙሪያ እንደ ትል የወፈረ ጥቁር መስመር ያስተኛል። ከዚያ አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ ያለሰልሰዋል፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያየዋል፤ የሳሳ ቦታ ካገኘ ይደግመዋል። ሲሊኮን ዘይት በነካው ብረት ላይ እንደማይዝ የሚያውቀው ሲሊኮኑ ብቻ ነው። ቱቦው ላይ 24 ሰዓት ይቆይ የሚለው ጽሑፍ ለፈሪዎች የተጻፈ ስለሆነ በ10 ደቂቃ ውስጥ ሞተሩ ይነሣል፤ በሦስተኛው ቀን ያ ሁሉ ጥበብ ጫፉን ሲይዙት እንደ ጎማ ክር ተስቦ ይወጣል።

ክዳኑን የሚፈታው ጌታ ደግሞ ከዚህ የላቀ ነው። «በዛ ያለ አይጎዳም» ብሎ ሁለቱን ፊቶች እንደ ግድግዳ ይለስናቸዋል፤ ሲያጠብቀውም ግማሹ ወደ ውጭ፣ ግማሹ ወደ ውስጥ ይተርፋል። የውጭውን በጨርቅ ይጠርጋል። የውስጡ ጊዜውን ጠብቆ ይቆረጥና ወደ ኮፓ ወርዶ ፓምፑ ዘይት የሚስብበትን ወንፊት ይደፍናል። ዘይት ወደ ላይ ካልወጣ ደግሞ ከላይ አይፈስም፤ ስለዚህ ጥገናው አልሠራም ማለት ምስጋና ቢስነት ነው።

ሲሊኮን ለማይወዱ ጉልበት አለላቸው። የቴስታታ ክዳን ትንንሽ ብሎኖች በብዙ ሞተሮች ላይ 10 ኒውተን ሜትር አካባቢ የማጥበቂያ ኃይል ይበቃቸዋል፤ ይህም በአጭር መፍቻ፣ በእጅ አንጓ ብቻ የሚደረስበት ልክ ነው። የእኛ ሰው ግን መፍቻው ጫፍ ላይ ቧንቧ ሰክቶ፣ ሁለት እግሩን ተክሎ ይገፋል። ብሎኑ መጀመሪያ ይጠብቃል፣ ከዚያ ይከብዳል፣ ከዚያ አንድ ጊዜ «ቀጭ» ይልና ድንገት በጣም ይቀላል። ያ ቅለት የአሉሚኒየሙ ጥርስ መላጡን የሚያበስር ነው፤ ባለጉልበቱ ግን ላቡን እየጠረገ «አሁን ያዘ» ይላል።

በዚህ ሁሉ ጀግንነት መካከል ማንም የማያስታውሳት አንዲት ትንሽ ዕቃ አለች፤ የሞተሩ መተንፈሻ ቫልቭ። በፒስተን ፋሻዎች በኩል ወደ ታች የሚሾልከውን ጋዝ የምታስወጣው እርሷ ናት፤ በዝቃጭ ስትደፈን ግፊቱ መውጫ አጥቶ ዘይቱን በጤነኛ ኦይል ሲል (በሚሽከረከር ዘንግ ዙሪያ ዘይት በሚያግድ ጎማ) በኩል ጭምር ይገፋዋል። በብዙ መኪኖች ላይ በእጅ ተነቅላ ትወጣለች። ታዲያ እርሷን መቀየር ምን ክብር አለው? ክንድ አይጠቁርም፣ ጎረቤት ለማየት አይሰበሰብም።

ከጋለው የጭስ ቧንቧ ላይ ዘይት ሲንጠባጠብ ወደ ጋቢና ለሚገባው የመቃጠል ሽታም መላ አበጅተናል። የሞተር ዘይት ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ ትነቱ ሊቀጣጠል እንደሚችል፣ ቧንቧውም ከዚያ እጅግ አብልጦ እንደሚግል እናውቃለን፤ ስለዚህ አየር የሚያስገባውን መዝጊያ እንዘጋለን። ሽታው ወዲያው ይጠፋል።

እኔም ከዚህ ማኅበር ውጭ አይደለሁም። አንድ ቅዳሜ ፊልትሮ ራሴ ቀየርሁ። የአሮጌው ፊልትሮ ጎማ ከሞተሩ ፊት ላይ ተጣብቆ ቀርቶ ኖሯል፤ ሳላየው አዲሱን ከነጎማው በላዩ አጠበቅሁት። ሁለት ጎማ ተደራርቦ የዘይቱን ግፊት ሊችል አይችልምና ሞተሩን ባስነሣሁ ደቂቃ ሳይሞላ ጥቁሩ ፈሳሽ ካርቶኑን አጥለቅልቆ ወደ በሩ ጉዞ ጀመረ። ሞተሩን አጥፍቼ ጎማውን መፈለግ ሲገባኝ፣ መጀመሪያ በሐሳቤ የመጣው ካርቶኑ ጠባብ መሆኑ ነበር።

ያ ጉድለት አሁን ታርሟል። ትናንት ጎረቤቴ ባለ ሁለት በር ማቀዝቀዣ ሲያስመጣ፣ ዕቃው ገና ከመኪና ሳይወርድ ደርሼ እንኳን ደስ ያለህ አልሁት፤ ካርቶኑንም ሳይቀድ እንዲያቆይልኝ አደራ አልሁት። እሺ አለኝ፤ ግማሹን ግን ለራሱ መኪና አስቀርቷል።