ክፍል ውስጥ ላለ ሰው አትደውሉ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ጠንከር አድርጌ ልናገር ነውና ታገሡኝ። ኮሌጅ ክፍል ውስጥ ስልክ በጮኸ ቁጥር ጣታችንን የምንቀስረው ተማሪው ላይ ነው። ተማሪው ጥፋት የለበትም አልልም፤ ወደ እሱም እመጣለሁ። ግን ስልክ በራሱ አይጮኽም። ከወዲያ በኩል የደወለ ሰው አለ። ያ ሰው ብዙ ጊዜ እኛው ነን። እናቱ ነን፣ አባቱ ነን፣ እህቱ ነን፣ ጓደኛው ነን።

ልጃችን ጠዋት ትምህርት እንዳለው እናውቃለን። እያወቅን እንደውላለን። ሲዘጋብን ደግመን እንሞክራለን። አሁንም ካላነሳ እንቆጣለን። ማታ ሲገባ "ስልክ የማታነሳው ለምንድን ነው?" ብለን እናፋጥጠዋለን። የደወልንበት ጉዳይ ሲታይ ደግሞ "ቁልፉን የት አስቀመጥከው?" ሆኖ ይገኛል። ታዲያ ይህ ልጅ ትምህርት ላይ ሆኖ አንድ ዓይኑ ስልኩ ላይ ቢሆን ምን ይገርማል? አለማንሳት ጥፋት ነው ብለን ያሳደግነው እኛ ነን።

እባካችሁ፣ የልጃችሁን የትምህርት ፕሮግራም ጠይቁና ያዙት። በዚያ ሰዓት አትደውሉ። ልታደርሱት የፈለጋችሁት ነገር ካለ በጽሑፍ ላኩለት፤ ሲወጣ ያየዋል። እውነተኛ አደጋ ከደረሰ ደግሞ ለትምህርት ክፍሉ ቢሮ መደወል ይቻላል። ቁጥሩን አስቀድሞ መያዝ የደቂቃ ሥራ ነው።

አሁን ክፍሉ ውስጥ የሚሆነውን ልብ በሉ። መምህሩ ሰሌዳው ላይ የጀመረውን ስሌት አጋምሷል። የአንዲት ተማሪ ስልክ ይጮኻል። ስልኩ ያለው ቦርሳ ውስጥ፣ ከታች፣ ከደብተሮቹ ሥር ነው። ልጅቷ ዚፑን ትከፍታለች። ደብተር ታወጣለች፣ የውሃ ላስቲክ ታወጣለች፣ ቻርጀሩ ተጠላልፎ አብሮ ይወጣል። አግኝታ ስትዘጋው መልሶ ይጮኻል፤ ደዋዩ አልተወም። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ ያያታል። ከኋላ ሳቅ ይሰማል። መምህሩ ወደ ሰሌዳው ይመለስና "የት ደርሰን ነበር?" ብሎ ይጠይቃል። የሚመልስለት የለም።

"ግማሽ ደቂቃ ምን አላት?" የሚል አይጠፋም። አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ይህንኑ ሞክረውት፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2009 አሳትመዋል። ትምህርት እየተሰጠ፣ ተማሪ መስላ መሀል የተቀመጠች ሰው ስልኳ ለግማሽ ደቂቃ ያህል እንዲጮኽ አደረጉ። በኋላ ተማሪዎቹ ሲፈተኑ፣ በዚያች ሰዓት የቀረበውን ነገር ስልክ ካልጮኸባቸው ተማሪዎች 25 በመቶ ያህል ዝቅ ብለው መለሱ። ልብ በሉ፣ ትምህርቱ ስክሪን ላይ ተጽፎ ፊታቸው ነበር። ልጅቷ ቦርሳዋን ስትበረብር ደግሞ ነገሩ ባሰ። ስለዚህ ግማሽ ደቂቃዋ ቀላል አይደለችም። የጠፋውም የባለስልኳ ትምህርት ብቻ አይደለም፤ የዚያ ሁሉ ሰው ነው።

ወደ እናንተ ወደ ተማሪዎቹ ልምጣ። "ስልኬ ነው፣ ጊዜዬም የራሴ ነው፣ ባልማር የምጎዳው እኔ ነኝ" ትላላችሁ። አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የካናዳ ጥናት ላፕቶፕን ተመልክቷል። በትምህርት መሀል ሌላ ነገር የሚሠሩት ተማሪዎች ፈተና ላይ 11 በመቶ ዝቅ አሉ። ይኼ የሚጠበቅ ነው። በሌላ ሙከራ ግን የሰው ስክሪን እየታያቸው፣ እነሱ በወረቀት ማስታወሻ እየያዙ የተቀመጡ ተማሪዎች ታዩ። እነሱ ደግሞ 17 በመቶ ዝቅ አሉ። ምንም ሳያጠፉ! ከኋላችሁ የተቀመጠው ልጅ የናንተን ቲክቶክ የማየት ፍላጎት ላይኖረው ይችላል። ዓይን ግን የሚንቀሳቀስ ነገር ወዳለበት ይሄዳል። እሱ ለመማር ነው የመጣው፤ ክፍያውም ልፋቱም ከናንተ እኩል ነው። ከእሱ የወሰዳችሁትን አትመልሱለትም።

"ቫይብሬት አድርጌዋለሁ" ማለትም አያድናችሁም። ጠረጴዛ ላይ ያለ ስልክ ሲንቀጠቀጥ ረድፉ ሁሉ ይሰማዋል። ኪስ ውስጥ ቢሆንም ባለቤቱ ይሰማዋል። "ማን ይሆን? ምን ብሎ ይሆን?" እያለ ልቡ ይሄዳል። ስልኩን ባያነሳውም፣ ባያየውም፣ ጥሪ ወይም መልእክት መምጣቱን ማወቁ ብቻ ሐሳብን እንደሚሰርቅ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት አሳይቷል። እንግዲህ ከመግባታችሁ በፊት አጥፉት። ማጥፋት ካልሆነላችሁ ሙሉ በሙሉ ሳይለንት አድርጉትና ቦርሳ ውስጥ ክተቱት። አላርም ከሞላችሁም አስቡበት፤ ስልኩ ሳይለንት ቢሆንም አላርም ይጮኻል።

መምህራን ሆይ፣ ይህን ስታነቡ ራሳችሁን የነቀነቃችሁ ትኖራላችሁ። እናንተም አላችሁበት። ተማሪውን ስለ ስልክ ገሥጻችሁ፣ የራሳችሁ ሲጮኽ "አንዴ ይቅርታ" ብላችሁ ኮሪደር ላይ የምታወሩ አላችሁ። ስላይዱን ቴሌግራም ላይ ለቅቃችሁ "ከስልካችሁ ተከታተሉ" ካላችሁ በኋላ ስልክ ያወጣውን የምትቆጡም አላችሁ። ተማሪው የትኛውን ይስማ?

ስልክ የምትነጥቁም አላችሁ። ይኼ ይቅር። ኮሌጅ ውስጥ ያለው አዋቂ ሰው ነው። ስልኩ ውስጥ ገንዘቡ አለ፣ የግል መልእክቱ አለ፣ የቤተሰቡ ጉዳይ አለ። ቢሰበር ወይም ቢጠፋ ተጠያቂው ማን ነው? ደግሞ የመንጠቁ ግርግር ከጥሪው በላይ ትምህርቱን ይበላል። ስልክ ለጮኸበት ሰው የአሥር ደቂቃ ስብከት መስጠትም እንዲሁ ነው። አንዱ ግማሽ ደቂቃ ወሰደ፣ እናንተ አሥር ጨመራችሁበት።

የሚሻለው ሕጉን መጀመሪያ ቀን መነጋገር ነው። ከኮርስ አውትላይኑ ጋር ጻፉት። ስልክ መቼ እንደሚወጣ፣ መቼ እንደማይወጣ፣ የደጋገመ ምን እንደሚገጥመው ይታወቅ። የናንተም ስልክ በዚያው ሕግ ይግባ፤ ሲያዩአችሁ ያምኑታል። ሕግ ቢኖርም አንድ ቀን የአንዱ ስልክ መጮኹ አይቀርም። ያን ጊዜ ዝም በሉ። ይዝጋው። ከዚያ ከመጮኹ በፊት የነበረውን ሐሳብ ከመጀመሪያው ድገሙት። የጠፋው እሱ ነውና። ልጁን ማናገር ካለባችሁ ከትምህርት በኋላ፣ ለብቻው ይሁን።

ስልክን ጨርሶ እንከልክል ለምትሉ የኮሌጅ ኃላፊዎችም አንድ ነገር አለኝ። የስኳር ሕመም ያለበት ተማሪ፣ ሰውነቱ ላይ ያለው መለኪያ የደም ስኳሩን የሚነግረው በስልኩ በኩል ሊሆን ይችላል። መስማት የሚቸገር ተማሪ የመምህሩን ንግግር በጽሑፍ የሚከታተለው በስልክ ሊሆን ይችላል። እናቷ ሆስፒታል የተኛችባት ወይም ሞግዚት ጋ ሕፃን ትታ የመጣች አለች። በጅምላ ስትከለክሉ መጀመሪያ የሚጎዱት እነዚህ ናቸው። እንዲህ ያለ ነገር ያለባችሁ ተማሪዎች፣ ትምህርቱ ሳይጀመር ለመምህሩ ንገሩት። በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ጥሪው ሲመጣ ቀስ ብላችሁ ውጡና ውጭ አናግሩ። መምህሩም "የት ትሄዳለህ?" ብሎ በሰው ፊት አይጠይቅ። ጉዳዩን እሱ ካወቀው ይበቃል፤ ክፍሉ ሁሉ መስማት የለበትም።