የውሻ ኢንሹራንስ ልግዛ ወይ ለምትሉ የባሕር ዳር ሰዎች

ኧረ ወገን፣ ይሄ ነገር አሁንስ በዛ! ቡችላ መታመም በጀመረ ቁጥር ያው ጥያቄ ይመጣል፤ «ለውሻዬ ኢንሹራንስ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» መጠየቁ ደግ ነው። የሚያበሳጨው መልሱ ነው። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሁሉ ብቅ ይልና «ግዙ እንጂ፣ ከሕክምናው ወጪ 80 በመቶውን ይመልሱላችኋል» ይላል። ማነው የሚመልሰው? በየትኛው ደረሰኝ? ሽምብጥ ወይም ቀበሌ 14 ያለ ውሻ በስቶክሆልም ሂሳብ አይታከምም።

ስዊድኖች ለውሻ ኢንሹራንስ መግባት ከጀመሩ 100 ዓመት አልፏቸዋል። የሠራላቸው ክሊኒኩ ሌሊትም ስለሚከፈት፣ ራጁና ላቦራቶሪው ስላለ፣ ቀዶ ጥገናው ኪስ የሚያራቁት ስለሆነ፣ ሐኪሙም ያደረገውን ሁሉ ስለሚጽፍ ነው። ኢንሹራንስ ድንገት ለሚመጣ ከባድ ወጪ ነው። እኛ ጋ ወጪው የማይከብደው ሕክምናው ረክሶ አይደለም፣ ስለሌለ ነው! ለሌለ አገልግሎት በየወሩ አረቦን ልክፈል ማለት ምን የሚሉት ነገር ነው?

«የእንስሳት ኢንሹራንስ እኮ አገራችንም አለ» የምትሉ፣ አዎ አለ፤ ለከብት። አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው እንስሳው ሲሞት እንጂ ሲታመም አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. ቦረና ላይ የተጀመረው ደግሞ የከብቱን ሬሳ እንኳ አያይም፤ የግጦሹን ሁኔታ በሳተላይት ተመልክቶ ድርቅ ነው ሲባል ይከፍላል። ለአርብቶ አደሩ ትልቅ ነገር ነው፤ ለግቢ ውሻ ግን አይሆንም።

ደግሞ ያ 80 በመቶ የሚባለውን እንየው። ሕክምናው 20,000 ብር ወጣ እንበል፣ ኤክሰሱ፣ ማለትም ኢንሹራንሱ ሳይነካው ከኪሳችሁ የሚወጣው፣ 5,000 ነው። ኤክሰሱ መጀመሪያ ከተቀነሰ የሚመለስላችሁ 12,000 ነው። መጀመሪያ 80 በመቶው ተሰልቶ ኤክሰሱ ኋላ ከተቀነሰ ግን 11,000 ነው። ልዩነቱ ያለው ማንም በማያነበው ገጽ ላይ ነው። ውሉ ከመፈረሙ በፊት የነበረ በሽታ አይሸፈንም። ለሕመም የመጠበቂያ ጊዜ አለ፣ ብዙ ቦታ 14 ቀን ነው። ዛሬ ያስመለሰውን ቡችላ ይዞ ነገ ኢንሹራንስ መግባት አይሠራም። ክትባትና የትል መድኃኒትም ተጨማሪ ካልተከፈለ በቀር ውስጡ የሉም። ውሻው ሲያረጅ፣ ማለትም በጣም በሚያስፈልገው ጊዜ፣ አረቦኑ ይወጣል።

አሁን ወደ እውነተኛው ብሶት። ቡችሎቻችንን የሚፈጅብን ፓርቮ የሚባለው የአንጀት ቫይረስ ነው። ያስመልሳል፣ ደም የቀላቀለ፣ ሽታው የማይረሳ ተቅማጥ ያስቀምጣል፣ በሁለትና ሦስት ቀን ውስጥ ውኃው አልቆ ይሞታል። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም፤ የሚያድነው የጠፋውን ፈሳሽ መተካት ነው። 6 ኪሎ የሚመዝን ቡችላ የክብደቱን 8 በመቶ የሚያህል ውኃ አጥቶ ከሆነ 480 ሚሊ ሊትር ጎድሎበታል። በዚያ ላይ ለቀኑ የሚያስፈልገው በኪሎ ወደ 60 ሚሊ ሊትር ነው፣ ማለትም 360። በድምሩ 840፣ ያውም ተቅማጡና ትውከቱ የሚያስወጣውን ሳንቆጥር። ይሄ በ24 ሰዓት ውስጥ ቀስ እያለ በደም ሥር መግባት አለበት። እኛ ጋ ምን ይሆናል? ጠዋት አንድ ግማሽ ሊትር ግሉኮስ ይሰቀልለታል፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ መርፌው ተነቅሎ «ነገ አምጡት» ይባላል። ሌሊቱን ማን ይተካለት? ባጃጁስ ውሻ አልጭንም ሲል? ሐኪሞቹ እየቻሉ አላደረጉም አላልኩም፤ አብዛኛው ሥልጠናቸውም ዕቃቸውም ለላምና ለበግ ነው፤ ለቡችላ የሚሆን ቀጭን ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ቱቦ) ሳይገኝ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ግን ለዚህ አይነት ሕክምና ኢንሹራንስ ምን ይጨምራል? ምንም!

ስለዚህ ያንን የአረቦን ብር ክትባት ላይ አውሉት። ፓርቮ ያለበት ቅይጥ ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ ላይ ይጀመርና በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ቢያንስ 16 ሳምንት እስኪሞላው ይደገማል። «አንዴ ተወግቷል እኮ» ትላላችሁ፤ አንዴ አይበቃም! ከእናቱ ያገኘው መከላከያ ክትባቱን ስለሚያከሽፈው ነው የሚደጋገመው። ከዚያ ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፣ መብራት ደግሞ እንደምታውቁት ነው። ፍሪጁ ውስጥ ቴርሞሜትር መኖሩን አሳዩን በሉ፤ ነውር የለውም። ቡችላ የሞተበት ግቢ ከሆነ ቆሻሻው በደንብ ከታጠበ በኋላ አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውኃ ተበጥብጦ ወለሉ ላይ 10 ደቂቃ ይቆይ። አፈሩን ግን ማጽዳት አይቻልም፣ ቫይረሱ ከዓመት በላይ ሊቆይበት ይችላል። ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ እዚያ አታስገቡ። እባካችሁ ደግሞ ትኩሳት አለው ብላችሁ ኢቡፕሮፌን አትስጡት፤ ጨጓራውን ያቆስላል፣ ኩላሊቱን ይገድላል።

የእብድ ውሻ ክትባት በ3 ወሩ ይጀመራል። አንዱ ጠርሙስ ለ10 ውሻ የሚሆንበት ጊዜ ስላለና ከተከፈተ ማደር ስለሌለበት ለአንድ ውሻ መክፈት ያስቸግራቸዋል። የሰፈር ሰው ተሰባስቦ አንድ ቀን ቢያስከትብ ይሄ ችግር አይኖርም። ለቀብር እድር ያለን ሰዎች ለዚህ አንጠፋም።

ሌላው የሚያናድደው ደረሰኙ ነው። «ሕክምና፣ 1» ይልና ብሩ ይጻፋል። በቃ! ምን አሞት ነበር? ምን ተሰጠው? ስንት ሚሊ ግራም? የውሻው ዕድሜ፣ ቀለም፣ ክብደት የት አለ? የክትባቱ የምርት ቁጥርና የሚያበቃበት ቀን የታተመበት ተለጣፊ ከጠርሙሱ ተልጦ ካርዱ ላይ መለጠፍ ነበረበት። ነገ አንድ ድርጅት ኢንሹራንሱን እሸጣለሁ ብሎ ቢመጣ ክሌም፣ ማለትም የክፍያ ጥያቄ፣ የምታቀርቡት በምንድን ነው? በቆዳው ሥር መለያ ቁጥር የያዘ ቺፕ ከሌለው ውሻው የእናንተ መሆኑንስ በምን ታሳያላችሁ?

አሁን ማንም የማያነሳው ነገር። ውሻችሁ ሰው ቢነክስስ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርገዋል፣ ሳያስበው ቢያመልጠውም እንኳ። የተነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ማጠብና በዚያው ቀን ጤና ተቋም መድረስ አለበት። ክትባቱ በቀናት ልዩነት የሚደጋገም ነው፣ ወጪው፣ ምልልሱ፣ ከሥራ የቀረበት ቀን ሁሉ አለ። ውሻውንም ተናዳችሁ አትግደሉት፤ ታስሮ 10 ቀን ይታይ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ካለበት በዚያ ጊዜ ውስጥ ይታወቃል። ቤት የሚያናጋው ወጪ ይሄ ነው እንጂ የውሻው መርፌ አይደለም።

ለመኪና ሦስተኛ ወገን፣ ማለትም በሌላ ሰው ላይ ለምናደርሰው ጉዳት የሚከፍለው ኢንሹራንስ፣ ግዴታ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ለውሻም መጠየቅ ያለበት እንዲህ ያለው ሽፋን ነው። ኢንሹራንስ ቢሮ የምትሄዱ ከሆነ እንግዲህ «ውሻዬን ታሳክሙልኛላችሁ ወይ» አትበሉ። «የቤት ኃላፊነት ሽፋን አላችሁ ወይ፣ ውሻዬ ሰው ቢነክስ እሱ ውስጥ ይካተታል ወይ፣ እስከ ስንት ብር፣ የክትባት ካርድ ትጠይቃላችሁ ወይ» በሉ። መልሱን በቃል አትቀበሉ፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት ላይ ይጻፉላችሁ።